ለመንገድ መብራት

ጠበቃው ባይስቅ ኖሮ እማማ ጥርጥሬ ምንም ባልሰሙ ነበር። ከሳሎኑ ጋር በአንድ ግድግዳ በሚዋሰነው ክፍል ውስጥ የጠበቃውን እናት በጎናቸው አስተኝተው አንሶላ እየቀየሩ ነበር፤ የሰማንያ ስድስት ዓመት ገላ በአንድ እጅ ደግፎ በሌላው አንሶላ መሳብ ደግሞ ለሰው ወሬ ጆሮ የሚያስተርፍ ሥራ አይደለም። ግን ጠበቃው ሳቀ። ሰው በራሱ ብልጠት ሲደነቅ የሚስቀው ዓይነት፣ ከሆድ ሳይሆን ከአፍንጫ የሚወጣ ሳቅ ነበር። ከሳቁ ኋላ ድምፁ ተከተለ።

«ከመቶ ስልሳ አንዱ ፈራሚ ውስጥ ስንቱ የጓሮ ሰው እንደሆነ ቢያውቁ! አትክልተኛው፣ ሞግዚቷ፣ ምግብ አብሳይዋ፤ ሁሉም የሰፈሩ ነዋሪ ሆነው ፈርመዋል እኮ!»

«ያንተዋስ? ያቺ ሁሉን የምትጠራጠረው?» አለች እንግዳው። ጎረቤቱ ናት፤ ሰፈሩ በሙሉ ባለ ውሻዋ የሚላት።

«እሷማ ቁጥር ሰማንያ ሰባት ናት። የሚገርምሽ ደግሞ፣ ቤቶቹ እንዲደርሷቸው ተራ ከሚጠብቁት አንዷ የሷው ልጅ ናት። የድጋፍ ደብዳቤ እንድጽፍላት እኔኑ ለምናኛለች!»

«ውይ፣ ምስኪን!» አለች ባለ ውሻዋ። ቀጥላም ስኳሩን አቀብለኝ አለችው።

እማማ ጥርጥሬ አንሶላውን በፍራሹ አራት ማዕዘን አስገብተው ወጠሩት። አምስተኛ ማዕዘን ቢኖረው እሱንም በወጠሩ። ፊት ለፊት ሲያገኛቸው «እርስዎ» የሚላቸው ሰው ከግድግዳ ጀርባ «እሷ» ማለቱን እንኳ ልብ ያሉት ቆይተው ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ይሄኛው ግን አልረሳም፤ እያስታወሰ ይስቅበታል።

ጥርጥሬ የሚለውን ስም ያወጣችላቸው የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ናት፤ ኋላ ሌላውም ሰው ያዘው። ጋዙ መጥፋቱን ሦስት ጊዜ ሳያዩ ከቤት የማይወጡ፣ የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ያለውን ቀን ለፋርማሲስቱ ራሱ መልሰው የሚያነቡለት፣ አሳንሰር ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ለገመዱ የሚጸልዩ ሴት ናቸው። እንዲህ ያሉት ሴት ናቸው እንግዲህ ሳያነቡ የፈረሙት። ሦስት ወር ሆነው። እጃቸው በሳሙና አረፋ ተነክሮ ሳለ ጠበቃው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ብቅ አለ። «እማማ፣ አንድ ፊርማ ያድርጉልኝ። ለመንገድ መብራት ነው» አላቸው። መነጽሬን ላምጣ ሲሉ «መነጽር አያስፈልግም፣ እዚህች ጋ ብቻ» ብሎ በጣቱ አሳያቸው። በዚያ መንገድ ላይ መብራት የለም። እማማ ጥርጥሬም ባለፈው ክረምት ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሲሄዱ ጥጉ ላይ ባለው ደረጃ ተሰናክለው ክንዳቸውን ተሰብረው ስለነበር «መብራት፣ መብራት» ሲሉ ነው የከረሙት። በመጨረሻ ሰማኝ ብለው ደስ አላቸው። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ፈረሙ። መርቀውታልም። ዛሬ ያ ምርቃት ጉሮሯቸው ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰነቀረ።

ቤቶቹ የሚባሉት ገና ቤት አልሆኑም። ከማዘጋጃ ቤቱ ጀርባ ያለው አሮጌ የአውቶቡስ ጋራዥ ፈርሶ በቦታው ስልሳ አራት መኖሪያ ሊሠራ ታቅዷል፤ ለነርሷም፣ ለአስተማሪውም፣ ለእሳት አደጋ ሠራተኛውም፣ ለጽዳቱም፤ በአጭሩ እዚህ ከተማ ውሎ እዚህ ከተማ ማደር ላቃተው ሰው። ኪራዩ ከደመወዝ ሲሶ አይበልጥም ተብሏል። በዚህ ከተማ የአንድ መኪና ጋራዥ ኪራይ የአንዲት አውቶቡስ ሾፌር ሙሉ ደመወዝ ይበላል። ይህን እማማ ጥርጥሬ ጠይቀው ያረጋገጡት ነው፤ ልጃቸው የዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ ሾፌር ናትና፣ መስኮት የሌለውን ጋራዥ እንኳ ሄደው አይተው ዋጋውን ሰምተው አንገታቸውን ደፍተው ተመልሰዋል። አሁን ሦስቱም የሚኖሩት ከሁለት ሰዓት መንገድ ወዲያ በአንዲት ክፍል ነው። የመጀመሪያውን አውቶቡስ የምታስነሳው ልጃቸው ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች፤ እሳቸው ይከተላሉ፤ ሕፃኗ በሩ ተቆልፎባት፣ ቁልፉ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ፣ የትምህርት ሰዓት እስኪደርስ ብቻዋን ትቀመጣለች። ከትምህርት ቤትም ተመልሳ ራሷው ከፍታ ትገባለች። አንድ ቀን እንቁላል ልጥበስ ብላ መጋረጃውን አቃጥላለች። ከዚያ ወዲህ እማማ ጥርጥሬ በቀን አምስት ጊዜ ይደውላሉ። ስልኩ ሦስት ጊዜ ጠርቶ ካልተነሳ እስኪነሳ ድረስ ይደጋግማሉ።

ጠበቃው ባለ ውሻዋን ሸኝቶ ወደ ቢሮው ሄደ። ሲወጣ «እማማ፣ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ምክር ቤቱ ስለሚሰበሰብ አመሻለሁ፤ እናቴን አደራ» አለ። «አደራ» ሲል ፊቱ ላይ አንዳች ነገር ፈለጉ፤ ምንም አልነበረም። የተላጨ፣ ሽቶ የተቀባ፣ እንቅልፍ የጠገበ ፊት ብቻ። መኪናው ከግቢ እስኪወጣ ጠብቀው ሳሎን ገቡ። የዝርዝሩ ቅጂ ከስኳር ዕቃው አጠገብ ተቀምጧል። አንዱን ክንፉን የልጅ ልጃቸው በሮዝ ፕላስተር የጠገነችውን መነጽር አደረጉ።

«እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ በታች የሰፈረው የአካባቢው ቋሚ ነዋሪዎች፣ የሰፈራችንን ጸጥታና የቤታችንን ዋጋ የሚጎዳውን የሠርቶ አዳሪዎች መኖሪያ ግንባታ አጥብቀን እንቃወማለን» ይላል ራስጌው። ቁጥር ሰማንያ ሰባት፣ በገዛ እጃቸው ጽሕፈት፣ የራሳቸው ስም። አድራሻ በሚለው ሥር ጠበቃው የዚህን ቤት ቁጥር ሞልቶበታል። አሥር ዓመት ሠርተው አንዲት ሌሊት ላላደሩበት ቤት ቋሚ ነዋሪ ሆነዋል። በራሳቸው እጅ የልጅ ልጃቸውን መስኮት ዘግተዋል። ከእሳቸው ሥር ቁጥር ሰማንያ ስምንት ላይ እንደ ጉንዳን መንገድ የተጣመመ ፊርማ አለ፤ የጠበቃው እናት የእትዬ ነው። እማማ ጥርጥሬ አላለቀሱም። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች እያነበቡ የሚያውቋቸውን የጓሮ ሰዎች በመድኃኒት ማዘዣ ጀርባ ላይ ጻፉ። ከእሳቸው ጋር አሥራ ሦስት ሆኑ።

የባለ ውሻዋን ምግብ አብሳይ «እትዬን ለአፍታ ያዢልኝ፣ መድኃኒት ቤት ደርሼ መጣሁ» ብለው ማዘጋጃ ቤት ሄዱ። መግቢያው አዳራሽ ላይ በመስታወት የተሸፈነ የቤቶቹ ሞዴል አለ፤ ከካርቶን የተሠሩ ግድግዳዎች፣ ከስፖንጅ የተቆረጡ ዛፎች፣ እንደ ምስር የሚያካክሉ ሰዎች። አንድ እሑድ ሕፃኗን አምጥተው አሳይተዋት ነበር። ሦስተኛ ፎቅ፣ በግራ ጥግ ያለውን መስኮት መረጠች፤ አፏን መስታወቱ ላይ አድርጋ ተነፈሰችበትና «ይሄ የኛ ነው» ብላ በጣቷ ክብ ሠራችበት። እማማ ጥርጥሬ ዛሬ በሞዴሉ አጠገብ ሲያልፉ ፊታቸውን አዞሩ። ለማየት አፍረው ነው።

መዝገብ ቤት ያለችው ቀጭን ሴት ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋ ቀልቷል። የመጡበትን ሰምታ ስታበቃ ከመሳቢያዋ አንድ ቅጽ አወጣች። «ፊርማን ማንሳት ይቻላል። ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት፣ ራሱ የፈረመው ሰው በራሱ እጅ ሲፈርም ነው። ለሌላ ሰው ማንሳት አይቻልም።»

«ስንት ሰው ቢያነሳ ነው ነገሩ የሚፈርሰው የኔ ልጅ?»

«እሱን እኔ ልነግርዎት አልችልም እማማ። የሥራ ሥነ ምግባር ነው።» አፍንጫዋን ጠረገች። በሩን አየት አደረገች። «ደንቡ ግን ለሁሉም የተለጠፈ ነው። መቶ ሃምሳ ነዋሪ ከተቃወመ ዕቅዱ ለሁለት ዓመት ጥናት ይመለሳል ይላል። እነሱ ደግሞ መቶ ስልሳ አንድ ናቸው። ሂሳብ ተምረዋል?»

«እስከ ስድስተኛ።»

«ይበቃል» አለችና ቅጾችን ቆጥራ ሰጠቻቸው። መንገድ ላይ ሲቆጥሯቸው አሥራ አምስት ናቸው። ይህች ልጅ የት ታድር ይሆን ብለው አሰቡ። ከንፈሯ መድረቁ፣ ጠረጴዛዋ ሥር ያለው የምሳ ዕቃ፣ ወንበሯ ላይ የተንጠለጠለው የዝናብ ካፖርት፤ የሩቅ መንገድ ሰው እንደሆነች ያስታውቃል።

ከዚያ እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ሰፈሩን በጓሮ በሮቹ ዞሩት። በፊት ለፊቱ በር ሲያዩት የሚያስፈራ ሰፈር ነው፤ የድንጋይ አጥር፣ የተከረከመ ሣር፣ በርቀት የሚከፈት የብረት በር። በጓሮ በኩል ግን አንድ ዓይነት ነው፤ የቆሻሻ በርሜል፣ የተሰጣ ልብስ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚቀመጥበት በርጩማ። የመጀመሪያዋ ፈራሚ እዚያው ቤት ውስጥ እትዬን ስትጠብቅ የነበረችው ምግብ አብሳይ ናት። ወረቀቱን አንብበው ሲነግሯት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «እኔንማ ለውሻ ክትባት ነው ብላ ነው ያስፈረመችኝ እመቤቴ! ውሻ አለኝ እንዴ እኔ? ልጆቼን ያስከተብኩት ስንት ደጅ ጠንቼ ነው!» ብላ እስክሪብቶውን ቀምታቸው ፈረመች። አትክልተኛው መቀሱን ሳያስቀምጥ አዳመጣቸው። ለእሱ የተነገረው የዛፍ ቆጠራ ነው የሚል ነበር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል እማማ» ሲል፣ «ተረቱን ተወውና ፈርም፤ ሰዓቱ እየሄደ ነው» አሉት። ሞግዚቷ ያቀፈችውን ሕፃን አሳቀፈቻቸውና ፈረመች። አንዱ ዘበኛ ሥራ ለቆ የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ። ልብስ አጣቢዋ፣ ሁለቱ የጽዳት እህትማማቾች፣ ገንዳ አጽጂው፤ እያንዳንዱ የተነገረው ውሸት የተለያየ ነበር። ሁሉም ግን የሚፈልገውን ነገር ነው የተነገረው። ይሄ ነው እማማ ጥርጥሬን ከሁሉ ይልቅ ያንገበገባቸው። ሰው የሚያታልልህ ምን እንደሚያምርህ ጠይቆ ነው። ቂም እንዲህ ጉልበት እንደሚሰጥ አያውቁም ነበር፤ በዚያ ዳገት ላይ ሲወጡ ሲወርዱ ወገባቸው አንድም ጊዜ አልጮኸም።

የባለ ውሻዋ ሾፌር ግን እንቢ አለ። መኪናውን እያጠበ ነበር።

«ከተባረርኩ አንቱ ያበሉኛል?» አላቸው።

«ልጆችህን ሳይተኙ ካየሃቸው ስንት ጊዜህ ነው?»

«ሁልጊዜም ተኝተው ነው የማያቸው» አለ ሾፌሩ። እሱ ራሱ በተናገረው ሊስቅ ብሎ ተወው። «እማማ፣ ቤቱ ቢሠራም ለኔ አይደርሰኝም። በተጠባባቂዎቹ ዝርዝር ላይ ስሜ አንድ መቶ ሰባተኛ ነው። ለእርስዎ ልጅ ብዬ እንጀራዬን ልቁረጥ?»

ሾፌሩ ያለው ልክ ነው። ልክ በመሆኑ ደግሞ ይበልጥ ተናደዱበት። «እንግዲያው መኪናዋን ወልውላት፣ ፊትህን እንድታይባት!» ብለውት ሄዱ። ይህን በማለታቸው ኋላ አዝነዋል፤ ያን ጊዜ ግን ጊዜ አልነበራቸውም። ቅጾቹን ቆጠሩ። የራሳቸውን ጨምሮ አሥራ አንድ። መቶ ስልሳ አንድ ሲቀነስ አሥራ አንድ፣ ልክ መቶ ሃምሳ ይቀራል። ደንቡ የሚለው መቶ ሃምሳ ነው። አንድ ሰው ይጎድላል።

ቤት ሲመለሱ ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር። ምግብ አብሳይዋን ወደ ማጀቷ ሸኝተው እትዬ ክፍል ገቡ። እትዬ በትራስ ተደግፈው በመስኮቱ መንገዱን ያያሉ፤ ቀኑን ሙሉ ሥራቸው እሱ ነው። ዓይናቸው ከቅርብ ባያነብም ከሩቅ ያያል። ራሳቸውን ያውቃሉ፤ አንዳንድ ቀን የሞተውን ባላቸውን ይጠሩ ይሆናል እንጂ ሌላ ጊዜ ከጠበቃው ይልቅ ያስታውሳሉ። በአሥር ዓመት ውስጥ በእማማ ጥርጥሬ ላይ ድምፃቸውን ያነሱት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ በገላ መታጠቢያው ውኃ ሰበብ ነው። እማማ ጥርጥሬን የክንድ ስብራት ያስተኛቸው ሰሞን ደግሞ፣ ደመወዟ አይቆረጥም ብለው ከልጃቸው ጋር የተጣሉት እኚሁ እትዬ ናቸው።

ሊነግሯቸው ነበር። እውነቱን ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ሲገቡ ሊነግሯቸው ነበር። ቃሉን እንኳ አዘጋጅተዋል፤ «እትዬ፣ ልጅዎ አታሎናል» ብለው ሊጀምሩ። ግን እናት ናቸው። እናት ደግሞ በልጇ ላይ ከተነሳ ሰው ጋር አትቆምም፤ እሳቸውስ ቢሆኑ ለልጃቸው ሲሉ ስንት እውነት ውጠዋል? «ተይ፣ ልጄ ሲመጣ ልጠይቀው» ቢሉስ? ሰዓቱ ስምንት ተኩል ይላል። ሕፃኗ አሁን ከትምህርት ቤት ተመልሳ በሩን ከውስጥ ቆልፋለች። ወረቀቱን በትሪ ላይ አድርገው እስክሪብቶውን በእትዬ ጣቶች መሃል አስገቡ።

«ምንድን ነው ጥርጥሬ?»

«ለመንገድ መብራት ነው እትዬ።»

ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ የጠበቃው ድምፅ ነበረው። እትዬ መነጽራቸውን በእጃቸው ዳሰሱ፤ ከአልጋው አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ። እማማ ጥርጥሬ መነጽሩ የት እንዳለ ያዩታል። ከውኃ ብርጭቆው ጀርባ ነው።

«መነጽር አያስፈልግም» አሉ። «እዚህች ጋ ብቻ።»

እትዬ ቀና ብለው አዩዋቸው። ረጅም አልነበረም፤ አንድ ትንፋሽ ያህል። ከዚያ ጎንበስ ብለው እንደ ጉንዳን መንገድ የተጣመመውን ፊርማቸውን አስቀመጡ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የፊት ወንበሮቹን የሰፈሩ ሰዎች ይዘዋቸዋል፤ ጠበቃው መሃል ላይ፣ ባለ ውሻዋ ከጎኑ፣ ለዛሬ ውሻዋን ቤት ትታ። እማማ ጥርጥሬ ቅጾቹን ለመዝጋቢዋ አስረክበው ከኋላ በር አጠገብ ቆሙ። ሰብሳቢዋ፣ ከአፍንጫዋ በታች ባረፈ መነጽር የምታይ ሴት፣ ተቃውሞው መቅረቡን ገልጻ ጠበቃው እንዲናገር ዕድል ሰጠችው። ጥሩ ተናገረ። ሰፈሩ ቤተሰብ ነው አለ። ሁላችንም፣ ትልቅ ትንሹ፣ በአንድ ድምፅ ፈርመናል አለ። «ለሠራተኞቻችን ያለን ክብር ከፍ ያለ ነው» ሲል ጥቂቶች አጨበጨቡለት።

ከዚያ ያቺ ጉንፋን የያዛት መዝጋቢ ተነሳች። ፊርማቸውን በደንቡ መሠረት ያነሱ ሰዎች አሉ ብላ ቁጥሮቹን ማንበብ ጀመረች። አሥራ ሁለት። ሃያ ዘጠኝ። ሠላሳ። ጠበቃው ማስታወሻ ይጽፍ ነበር፤ ቀና አላለም። አምስት፣ ስድስት ሲሆኑ ባለ ውሻዋ ጆሮው ሥር አንድ ነገር አለችው። «ሰማንያ ሰባት» ተባለ። ጠበቃው ፈገግ ብሎ ወደ ኋላ ዞረ፤ በአዳራሹ ሲፈልግ ቆይቶ እማማ ጥርጥሬን በሩ አጠገብ አገኛቸው። ፈገግታው «ቆጥሬዋለሁ፣ አይደርስላችሁም» የሚል ነበር። እሳቸውም አዩት። ዓይናቸውን አልሰበሩም።

«በመጨረሻም» አለች መዝጋቢዋ፣ «ሰማንያ ስምንት። የቀረው መቶ አርባ ዘጠኝ ነው።»

የጠበቃው እስክሪብቶ ወደቀ። ሲንከባለል በዚያ ዝምታ ውስጥ ተሰማ። ከመቀመጫው ብድግ አለ፤ ያ የተሳለ ምላሱ ግን ከሐሳቡ ቀደመ። «ይሄ ተቀባይነት የለውም! ሰማንያ ስምንት እናቴ ናት። እናቴ አልጋ ላይ ናት፤ የምትፈርመውን ልታውቅ አትችልም!»

ሰብሳቢዋ መነጽሯን አወለቀች። «ተቃውሞውን ስትፈርምስ ታውቅ ነበር?»

አዳራሹ ሳቀ። መጀመሪያ አንድ ጥግ ላይ፣ ከዚያ ከኋላ ወንበሮች፣ ከዚያ ከየትም። ይሄኛው ሳቅ ከሆድ የመጣ ነው። ጠበቃው ወደ ማስታወሻው ጎንበስ አለ። አውቃ ነው ቢል ማንሳቷም ይጸናል፤ ሳታውቅ ነው ቢል ተቃውሞዋም ይሰረዛል። በሁለቱም በኩል መቶ አርባ ዘጠኝ ነው። ጠበቃ ነውና ይህ ከማንም ቀድሞ ገባው። ተቀመጠ። አንገቱ ከኮሌታው በላይ ሲቀላ እማማ ጥርጥሬ ከበሩ አጠገብ ሆነው አዩ፤ እንደ ልጅ ሠርግ አዩት። ያ ሳቅ እያንዳንዱ አጥንታቸው ውስጥ ገባ። ተቃውሞው ወደቀ ተባለ፤ ድምፅ ተሰጠ፤ ስልሳ አራቱ ቤቶች አለፉ።

መተላለፊያው ላይ ደረሰባቸው።

«እናቴን ምን ብለሽ ነው ያስፈረምሻት?» አሥር ዓመት «እርስዎ» ያለ አፍ በአንድ ከሰዓት ተለወጠ።

«መነጽር አያስፈልግም ብዬ» አሉት።

ጠበቃው ጣቱን ቀሰረባቸው። «ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጪ።»

«ልብሴና ጫማዬ እዚያ ነው። ቁልፉን ለእትዬ ሰጥቼ እወጣለሁ» አሉና ትተውት ሄዱ። ጋዜጠኛ ነኝ የሚል ልጅ ከኋላው ሲጠራው ሰሙ።

መንገድ ላይ ስልካቸውን አወጡ። ሁለት ጊዜ ብቻ ጠርቶ ተነሳ።

«በሩ ተቆልፏል?»

«ተቆልፏል አያቴ። እዚያ ሄድሽ? የኛ መስኮት አሁንም አለ?»

«አለ። ማንም አይወስደውም። ጋዙን እንዳትነኪ።»

«በመስኮቱ ምን ይታያል ግን?»

«አውቶቡስ ይታያል። እናትሽን ስትነዳ እያየሽ እጅሽን ታወዛውዢላታለሽ።» ስልኩን ዘጉት። ደስታቸው ትኩስ ነገር እንደዋጠ ሰው ደረታቸውን ያቃጥላቸው ነበር። ያቺን «ውይ፣ ምስኪን» ያለችውን ሴት ፊት በልባቸው ደጋግመው አዩ። የወደቀውን እስክሪብቶ ደጋግመው ሰሙ። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ነው ይላሉ፤ እሳቸው ግን በዚያች ሰዓት ቂማቸውን እንደያዙ አመሰገኑ።

እትዬ ክፍል ውስጥ ብርሃኑ ቀጠን ብሏል። የቀየሩት አንሶላ አሁንም እንደተወጠረ ነው። ስብሰባው እስኪያበቃ እትዬን ተመልሳ ስትጠብቅ የነበረችው ምግብ አብሳይ ዓይኗን ወደ መሬት ጥላ ወጣች። እማማ ጥርጥሬ የማታውን ክኒኖች በየሣጥናቸው ደረደሩ፤ ውኃውን ሞሉ፤ ቁልፉን ከብርጭቆው አጠገብ አስቀመጡ። ሥራ ላይ የሚያደርጉትን ጫማ አውልቀው የመንገዱን አደረጉ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ እትዬ በመስኮቱ ያያሉ።

«ልጄ ደወለ» አሉ እትዬ። «ጮኸብኝ።»

«ምን አሉት?»

«መብራት ነው አለችኝ አልኩት። ስልኩን ዘጋ።» ጣታቸውን ብርድ ልብሱ ላይ ወዲያ ወዲህ አመላለሱት። «እሱም የፊተኛውን ወረቀት ሲያመጣ መብራት ነው ብሎኝ ነበር። አንቺም ለመብራት፣ እሱም ለመብራት። እኔ ደግሞ ይኸው ቀኑን ሙሉ የማየው መንገዱን ነው። አንድም ሰው ምሰሶ ሲተክል አላየሁ።»

እማማ ጥርጥሬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። በአሥር ዓመት ውስጥ እዚያ ሲቀመጡ የመጀመሪያቸው ነው። «ለቤት ነው እትዬ» አሉ። «ለልጅ ልጄ ቤት ነው። ልጅዎ አስቀርቶት ነበር።»

«ይህን ብትነግሪኝስ?»

«ብነግርዎት ይፈርሙ ነበር?»

እትዬ ወደ መስኮቱ ዞሩ። መንገዱ ላይ አንድ መኪና አለፈ፤ መብራቱ ጣሪያውን ዞሮት ጠፋ። እማማ ጥርጥሬ መልሱን ጠበቁ፤ እትዬ አዎ ቢሉ እሳቸው ያፍራሉ፤ አይ ቢሉ ይድናሉ። አይ እንዲሉላቸው ነበር የለመኑት።

«አሁንማ ማን ያውቃል» አሉ እትዬ። «አልጠየቅሽኝማ።»

ይቅርታ የሚለው ቃል እስከ ጥርሳቸው መጣ። ጥርሳቸው ላይ ቆመ። ሦስተኛ ፎቅ፣ በግራ ጥግ ያለችውን መስኮት አሰቡ። ትራሱን አስተካክለው፣ መነጽሩን ከብርጭቆው ጀርባ አንስተው በእትዬ መዳፍ ላይ አስቀመጡና ወጡ።

ውጪው ደንግዟል። በየበሩ አናት ላይ አምፖል በርቷል፤ ሁሉም ግን ፊቱን ወደ ግቢው አዙሯል፤ ለመንገዱ የአንዱም ብርሃን አልተረፈውም። እማማ ጥርጥሬ በአንድ እጃቸው አጥሩን እየዳሰሱ ወረዱ። «አልጸጸትም» አሉ የመጀመሪያው በር ጋ። ሁለተኛውም በር ጋ አሉት፤ ሦስተኛውም። ክንዳቸውን የሰበረቻቸውን ደረጃ በእግራቸው ጫፍ ፈልገው አገኟትና ቀስ ብለው ተሻገሯት። ሰባተኛው በር ጋ ሲደርሱ ማንም ሳይጠይቃቸው እየመለሱ እንደሆነ ገባቸው። ቢሆንም አላቆሙም፤ አውቶቡስ ማቆሚያው እስኪደርሱ፣ የዘጠኝ ቁጥር መብራት ከሩቅ ብቅ እስኪል፣ በየበሩ አንድ ጊዜ «አልጸጸትም» እያሉ ወረዱ።